እዚህ ቤት የሺመቤት የለችም

እኛ ሰላምታ የጎደለን ሕዝብ አይደለንም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው ከራሳቸው ጤና ጀምረው ልጆቹን፣ ከልጆቹ አልፈው ከብቶቹን፣ ከብቶቹ ባይኖሩም ጎረቤቱን ሲጠያየቁ፣ አብሯቸው የነበረው ሦስተኛ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። ስለዚህ «የሰው ለሰው ግንኙነት ሳይንስ» የሚባል ትምህርት መጣ ሲባል መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሰው እንዴት እንደሚቀረብ ደግሞ ለእኛ በሳይንስ ሊነገረን ነው? ብዬ። ዛሬ አልስቅም። ዛሬ ያ ሳይንስ ሲነሳ ደሜ ይፈላል፤ ለምን እንደሚፈላ ደግሞ ሳልነግራችሁ አልለቃችሁም።

ነገሩ የሆነው ጅቡቲ ነው፤ የአሰብ በር ተዘግቶ የአገራችን ጭነት ሁሉ ጅቡቲ ወደብ ላይ በወደቀባቸው ዓመታት። ዛሬ መኪናው ሁሉ የሚጎርፍበት ዶራሌ ያኔ ገና ስሙ አልተነሳም። ሞባይል ስልክም የጌቶች ዕቃ ነበር። እኔ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ስንዴና ማዳበሪያ ከመርከብ ወርዶ መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ ወረቀት ስገፋ የምውል ሰው ነበርኩ። ጅቡቲን የማታውቋት ካላችሁ፣ በተለይ ሐምሌን፣ ዕድለኞች ናችሁ። እኩለ ቀን ላይ ጫቱ ሲገባ ከተማው ይዘጋል፤ ሱቁም ቢሮውም ይቆለፋል፤ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ተሸክሞ ጎዳናውን ብቻውን ይዞረዋል።

የቢሯችን ኃላፊ ጋሽ ጌታሁን ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለይሉኝታ አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑማ ንዴቴ እንዴት በቀለለኝ። ክፉን ሰው ረግመው ይተኛሉ። ጋሽ ጌታሁን ግን የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ ሠራተኛውን ቤታቸው ጠርተው ያበላሉ። ታዲያ እኚህ ሰው አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለስልጠና ሄዱና የምስክር ወረቀት ይዘው ተመለሱ። በመስታወት አስገብተው ከራስጌያቸው ሰቀሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ሠራተኞች መሆናችን ቀርቶ ሰዎች ሆንን።

ቀድሞ ቢሮ ሲገቡ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር የሚያልፉት። አሁን የአንዱን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይን ዓይኑን እያዩ አይለቁትም። ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ እኛን ሰብስበው ያስተምሩን ጀመር። ሰው ሲናገር ማቋረጥ ክልክል ነው። ቤተሰብ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው። ከሁሉ በላይ ግን ስም ነው። ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ሰውን በስሙ ስትጠራው እዚህ ጋ የሚከፈት በር አለ» ይሉናል። «ይህ አፈ ታሪክ አይደለም፤ ሳይንስ ነው።»

ደግሞም ሠራ። መካድ አልችልም። የወደቡን ጫኝና አውራጅ በስሙ፣ የጉምሩኩን ሰው በስሙ፣ ሾፌሩን ከነአባቱ ስም መጥራት ሲጀምሩ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ወረቀት ቶሎ መውጣት ጀመረ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ ዱዝ በሚባለው የከባድ መኪኖች መቆሚያ የሚያድሩ የአገራችን ሾፌሮች፣ የእኛ ድርጅት ጋ ሲደርሱ ሸሚዛቸውን አራግፈው ይገባሉ ይባል ነበር። ስም የሚያውቅ ሰው አለ ተብሎ። እኔም ሳቄን ትቼ ማመን ጀምሬ ነበር።

አሁን ወደ ቤታቸው እንሂድ።

የጋሽ ጌታሁን ቤት ከድሮው ባቡር ጣቢያ ማዶ፣ ሰማያዊ የብረት በር ያለው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይባላሉ። ቤቱ ውስጥ እያደረች የምትሠራ ሴት አለች፤ አልማዝ ትባላለች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለዚህች ሴት ግን መልአኩ የደከመው በከንቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አልማዝ የምትባል እውነተኛ አልማዝ ነበረች፤ የመጀመሪያውን ልጅ አሳድጋ፣ ድሬዳዋ ባል አግብታ ሄደች። በእሷ ቦታ ሌላ ሴት መጣች። ልጁ አልማዝ ማለት ለምዶ ነበርና እትዬ አስካለ «ልጁ እንዳይረበሽ» ብለው አዲሷንም አልማዝ አሏት። ያቺም ሄደች። ሦስተኛዋ ከወሎ፣ ከኮምቦልቻ መጣች። ስምሽ ማነው ስትባል «የሺመቤት» አለች። እትዬ አስካለ «እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት እመቤት!» ብለው ሳቁ። እሷም በሰው ቤት የመጀመሪያ ቀን እንደሚሳቀው ሳቀች። በዚያው አልማዝ ሆና ቀረች።

ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት ነገሩ ከፈነዳ በኋላ ነው። እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁትና ከእኔ ቀድማችሁ ተናደዱ። አልማዝ ማለት የሺመቤት ናት። ጋሽ ጌታሁን ይህን ከነጭራሹ አያውቁም፤ እትዬ አስካለ አውቀው ረስተውታል። ፓስፖርቷ በእትዬ አስካለ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እሷስ ብትሆን ለማን ትናገር? ለአገሯ ሰው በሾፌር ስትልክ «ከባቡር ጣቢያው ማዶ ነኝ፣ በሩ ሰማያዊ ነው» ብላለች እንጂ «ስሜን ወስደውብኛል» ብላ ለእናቷ ትላክ? እናት ያወጣችው ስም ነው። ነውር ሆነባትና ዝም አለች።

የሺመቤት ወንድም አላት፤ ይመር ይባላል፤ ከነተሳቢው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያን ዓመት እናታቸው አልጋ ያዘች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሺን አምጡልኝ።» ይመር የጅቡቲ ጭነት ለምኖ ተቀበለ፤ ስንዴውን ጭኖ ሲመለስ እህቱን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ በጋላፊ፣ በሚሌ አድርጎ ሊያደርሳት ነው ሐሳቡ። ባቡር ጣቢያው ማዶ ሄዶ ሰማያዊውን በር አገኘና አንኳኳ። የበሩ ዘበኛ ሽማግሌ የአገሬው ሰው ናቸው። የሺመቤትን ፈልጌ ነው ሲላቸው በቅንነት አስበው፣ «የሺመቤት ማፊ» አሉት፤ የለችም ማለታቸው ነው። «እዚህ አልማዝ።» ይመር አልለቅ ሲል ወደ ላይ ተጣሩ። እትዬ አስካለ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «እዚህ ቤት የሺመቤት የለችም» አሉና መስኮቱን ዘጉ፤ ሙቀት እንዳይገባ።

ልብ በሉ፤ አልዋሹም። እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ቢዋሹ ኖሮ ውሸታም ብዬ እገላገል ነበር። የሺመቤት በዚያች ሰዓት ጣሪያው ላይ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ ታሰጣ ነበር። ወንድሟ ከታች፣ እሷ ከላይ። የአየር ማቀዝቀዣው ጩኸት ባይኖር ሳሉን ትሰማው ነበር።

መኪና ጭኖ አይቆምም፤ ወደቡም አይጠብቅም። ይመር ስንዴውን ይዞ ተመለሰ። ለእናቱ ምን ይበላት? «ሥራ ቀይራለች፣ ደህና ቤት ገብታለች፣ ትመጣለች» አላት። እናትየው በሩን እያየች ሞተች። ቀበራት። ከዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ሌላ ጭነት ተቀብሎ ጅቡቲ ተመለሰ፤ አሁን የመጣው እህቱን ሊወስድ ሳይሆን መርዶ ሊነግራት ነው። እንዳጋጣሚ የዚያን ጊዜው ጭነት የእኛ ድርጅት ነበር።

ቢሮ ሲገባ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ጌታሁን ወረቀቱ ላይ ስሙን አዩ፤ ከወንበራቸው ተነሱ፤ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወንድም ይመር፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?» ይመርም እንዲህ አጥብቆ የጠየቀው ሰው አላገኘም መሰለኝ ሁሉንም ዘረገፈው። እናቱ መሞቷን፣ እህቱ በዚህ ከተማ መጥፋቷን፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ በሰማያዊ በር ምልክት ሄዶ የለችም መባሉን።

«በዚያ ሰፈር ሰማያዊ በር ምን ጠፍቶ» አሉት ጋሽ ጌታሁን፤ «የእኔም በር ሰማያዊ ነው። ስሟን ብቻ ንገረኝ፤ ይህችን ከተማ አገለባብጣታለሁ።»

«የሺመቤት ነው ስሟ፣ ጌታው።»

«የሺመቤት» አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ስልጠናው ደጋገሙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ውሸት አልነበረም። ለዚህ ነው ደሜ የሚፈላው።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ሰውዬው ሲነሱ ይነሳሉ። ለመኪና ማኅበሩ ደወሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አስነገሩ፤ ካርቲዬ በሚሏቸው ሰፈሮች ሁሉ ያሉ የአገራችን ምግብ ቤቶች ድረስ ሰው ላኩ። በሁለት ቀን ውስጥ የሺመቤትን የማይፈልግ ኢትዮጵያዊ ጅቡቲ ውስጥ አልቀረም። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ለእትዬ አስካለም ነገሯቸው አሉ። እትዬ አስካለ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ውይ ምስኪን፤ አንድ ሾፌር እኛም በር ላይ ጠይቆ ነበር። በየሰው በር እየዞረ ነው ማለት ነው» አሉ። አልማዝ በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ የፍለጋውን መሪ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትለቀቀው በዓመት በዓል ብቻ ስለሆነ የቅዳሴውን ማስታወቂያ አልሰማችም።

አርብ ሆነ፤ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን ነው። ጋሽ ጌታሁን ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ነጋዴዎችን ምሳ ጠርተዋል፤ እኔንም ጠሩኝ፤ ይመርንም ጠሩት። ሾፌርን ከነጋዴ ጋር አንድ ማዕድ ማስቀመጥ ሳይንሱ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ከይመር ጋር አብረን ነበር የሄድነው። ሰማያዊው በር ጋ ስንደርስ ቀጥ አለ።

«ይህን በር አንኳኩቼዋለሁ» አለኝ።

ዘበኛውም አወቁት፤ በእጃቸው «የለችም» የሚል ምልክት ደገሙለት። ጋሽ ጌታሁን ወጥተው ሲሰሙ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ አየህ፣ የእኔ በር እንኳ አሳስቶሃል አሉት። ገባን፤ ተቀመጥን። እሳቸው ለነጋዴዎቹ የይመርን ታሪክ መናገር ጀመሩ። የእናቱን ሞት፣ የጠፋችውን እህት፣ እሳቸው ያደረጉትን ፍለጋ፣ የፍለጋውን ስፋት። በመሀል፣ «አልማዝ! ውሃ!» አሉና ቀጠሉ።

የእጅ ውሃ እንዴት እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። ሴትየዋ በአንድ እጇ ማስታጠቢያውን፣ በሌላው ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከእንግዳ እንግዳ ትዞራለች። እንግዳው የሚያየው የገዛ ጣቱን ነው። ወሬውም አይቋረጥም። ነጋዴዎቹ ጣታቸውን አይተው ታጠቡ። እኔም ታጠብኩ። ከሁሉም መጨረሻ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ይመር ነው። ይመር ግን እናቱ እንዳሳደገችው «ተባረኪ» ሊላት ቀና አለ።

«የሺ?»

ጋሽ ጌታሁን በወሬያቸው ሙቀት ላይ ስለነበሩ፣ «አዎ፣ እሷን ነው የምነግራቸው» አሉ።

ውሃው መውረዱን አላቆመም። እጁም እዚያው ተዘርግቶ ቀረ። እሷ ፊቱን አላየችም፤ ያየችው ጥቁሩን ሸሚዝ ነው። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ድረስ አየችው።

«እማዬ ናት?» አለች።

ማስታጠቢያውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ማንቆርቆሪያውንም ከጎኑ። ምንም አልፈሰሰም። ከዚያ እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አልማዝ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሽ ጌታሁን።

«የሺመቤት ነኝ፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልጽፈውም፤ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ።

በአገራችን መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ሰውየውን የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል። ለዚህች ሴት የደረሳት በሰው ምሳ ላይ፣ የሰው እጅ ስታስታጥብ ነው። ሬሳው ሳይቀበር ልትደርስ ትችል ነበር እንኳ አልልም፤ የእናቷ ነፍስ ሳትወጣ መድረስ ትችል ነበር። እናትየው እስከ መጨረሻው በር በር ስታይ ነበር። ለካስ የምታየው በር ሰማያዊው ነበር፤ ከውስጥ ሆኖ የሚመልስ ግን ጠፋ።

አንዱ ነጋዴ ተነስቶ ወጣ። እትዬ አስካለም ደነገጡ፤ አለቀሱም። ትንሿ ልጃቸው «አልማዝዬ» እያለች አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አብራ ታለቅሳለች፤ የሺመቤትም በዚያ ሁሉ መሀል ልጅቷን አቅፋ ታባብላለች። ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን እትዬ አስካለ ትንሽ ሲረጋጉ መከራከሪያ አላጡም። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስም ማውጣት እኮ ወጋችን ነው» አሉኝ። «ለሙሽራስ አማቷ ስም ታወጣላት የለም? በፍቅር ነው የምንጠራት።»

ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ የዚያን ቤት እንጀራ ስንት ዓመት በልቻለሁ። ግን አልቻልኩም።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «አማት ለምራቷ ስም ስታወጣ የልጇን የድሮ ሚስት ስም አታለብሳትም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ተጠርቼ አላውቅም። ተገቢ ነው።

በማግስቱ ፒኬ ዱዝ ድረስ ሸኘኋቸው። ፓስፖርቷ ከቁም ሳጥኑ ወጥቶላታል። ጋቢና ውስጥ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ይመር ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ሲጠብቅ፣ ምንም ሳትጠየቅ፣ «ጣሪያ ላይ ሆኜ የሰማሁት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «የሺ የሚል። ከዚያ፣ እዚህ አገር የሺ የሚለኝ ማን አለ ብዬ ልብሱን አሰጣሁ።» መኪናው ሄደ። እኔ አቧራው እስኪወርድ ድረስ ቆምኩ።

እዚህ ላይ ያበቃል ብላችሁ ከሆነ የጋሽ ጌታሁንን ሳይንስ አታውቁትም። ሰውዬው ለአንድ ሳምንት አንገታቸውን ደፉ፤ በስምንተኛው ቀን ግን ሰበሰቡን። የዕለቱ ትምህርት ርዕስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስም። ምሳሌው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሺመቤት። ስም ባለማወቃችን እንዴት ያለ ጉዳት እንደደረሰ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ ከልባቸው አስተማሩን። ቤታቸውም ውስጥ አዋጅ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት አልማዝ የሚል ሰው እንዳይኖር። ልጆቹ ሳይቀሩ «የሺመቤት» ማለትን ምግብ ላይ ይለማመዳሉ አሉ። አንድ ሁለት የቢሮ ልጆች እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። እኔ የምስክር ወረቀቱን መስታወት እያየሁ ነበር። ሰው ከሞተ፣ ሰው ከሄደ በኋላ ለሚመጣ ዕውቀት መስታወት መግጠም የት ተማርን? ምነው የሰው ልጅ ክብር ሁልጊዜ እኛ ጋ ሲደርስ ለትምህርት ብቻ የሚሆነው? ይህን ያልኩት ግን በሆዴ ነው፤ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ክልክል ነው።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጋሽ ጌታሁን ትኩሳት ይዟቸው ቤት ዋሉና አስቸኳይ ፊርማ አስፈለገ። ወረቀቱን ይዤ ሰማያዊውን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ የማላውቃት ልጅ ናት፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ እጇ የሳሙና አረፋ። አነጋገሯ የሐረር በኩል ነው። አዲስ ሰው አስገብተዋል ማለት ነው። እንደምን ዋልሽ አልኳት። ወዲያው ከፎቅ ላይ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ፤ ለስላሳ፣ ጥንቅቅ ያለ፣ እያንዳንዱን ፊደል አክብሮ የሚጠራ።

«የሺመቤት! ማን ነው የመጣው?»

ትንሿ ልጅም ከውስጥ እየሮጠች ወጥታ ቀሚሷን ያዘቻት። «የሺመቤት፣ የሺመቤት፣ ነይ እንጂ!» የአባቷ ልፋት መና አልቀረም፤ አልማዝ የሚል ሰው በእርግጥም ቤቱ ውስጥ የለም።

ወረቀቱን አልሰጠኋትም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ስምሽ ማነው?» አልኳት።

መጀመሪያ ወደ ፎቁ ገልመጥ አለች። ከዚያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ በትክክል ለመመለስ በሚጨነቅ ሰው ድምፅ ጠየቀችኝ።

«የቱን ነው ጋሼ? የቤቱን ነው ወይስ የእኔን?»